ተራ ጠባቂዎቹ

የሞተው ሰው ከትኬት መስኮቱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር በግራጫ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ትኬት ቆራጩ ስንታየሁ በጠዋት ሊከፍት ሲመጣ፣ «ተነሥ እንጂ ቶክ፣ የመጀመሪያው አንተ አይደለህ?» ብሎ ነካ ቢያደርገው አልተነሣም። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገና እየሮጠ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ።

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ሹም በየሳምንቱ ይሾማል፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ግን በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው፣ እሱም ከመጣ። ትኬት በርካሽ የሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ አንድ ነው፤ መስኮቱ ሥር ማደር። ያላደረ ከደላላ በእጥፍ ይገዛል። ዕቃውን በተራ አስቀምጦ ዞር ያለ እንደሆነ ደግሞ የደላላ ጎረምሶች ዕቃውን ከአጥር ማዶ ይወረውሩለታል። ስለዚህ ሰው ሽንቱን ሳይቀር ይዞ ያድራል፤ ምን ያድርግ!

መቶ አለቃ አባንግ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሌቦች «የአባንግ ዓይን ከዱላ ይብሳል» ይሉታል። ያን ቀን ግን ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ሬሳው ላይ አልነበረም። መስኮቱ ሥር አንደኛ ሆና የተቀመጠችውን የቶክን ብርኩማ፣ ኑዌሮች ሲተኙ ራሳቸውን የሚያስደግፉባትን ያችን ትንሽ እንጨት፣ ቆሞ ሲያያት ቆየ። ከኋላዋ ሦስት ሰዎች ተደርድረዋል። ጉድ እኮ ነው! ሬሳ አጠገባቸው ተጋድሞ እንኳ ከተራቸው ንቅንቅ አላሉም።

አባንግ ተንበረከከ። የቶክ ቁርጭምጭሚት ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እግሩ አብጧል። ከጉልበቱ በታች በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል።

«እባብ ነው» አለ ስንታየሁ። «ታዲያ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል? እግዜር ያመጣው ነው። ግን በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል?»

አባንግ ስለ ብርድ ልብሱ ምንም አላለም። «እባብ ይነድፋል እንጂ ጨርቅ አያስርም» አለና ወደ ሰልፈኞቹ ሄደ።

ከብርኩማዋ ቀጥሎ ያሉት አባ ውቤ ናቸው፤ በሰፈራ ከወሎ መጥተው አቦቦ አጠገብ የሚያርሱ ሽማግሌ። አዲስ አበባ ያለች ልጃቸውን ሊድሩ ነው የሚሄዱት።

«አባባ፣ ሌሊት ምን ሰማህ?»

«ኧረ ምንም! በማርያም! እንደ ግንድ ነው የተኛሁት ጌታዬ።»

አባንግ የሽማግሌውን ዱላ አነሣ። ሁለመናው በአቧራ ተለውሷል፤ ጫፉ ብቻ ታጥቦ ንጹሕ ሆኗል።

«ዝናብ ጥሏል እንዴ?»

«የለም፣ ምን ዝናብ አለ።»

«እሺ።»

ሁለተኛው መምህር ኦጅዋክ ነው፤ ለክረምት ኮርስ የሚሄድ፣ ጫማው የተወለወለ ጎልማሳ።

«ጨለማ ነበር፣ ምንም አላየሁም» አለ ሳይጠየቅ። «ባትሪ ይዣለሁ፣ ግን ድንጋዩ አልቋል።»

አባንግ ባትሪውን ተቀብሎ በመዳፉ ከልሎ አበራው። መዳፉ በጠዋት ፀሐይ እንኳ ቦግ አለ። መምህሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። አባንግ ባትሪውን አጥፍቶ መለሰለት።

ሦስተኛዋ ሺታዬ ናት። እሷም የሰፋሪ ልጅ ናት፤ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ተከናንባ፣ ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አንቺስ ለምን ትሄጃለሽ?»

«ለልጄ ነው ወንድሜ። አንድ ዓይኗ ጠፋ። የቀረውን አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ሊያይላት ለሐሙስ ቀጥሯታል። የነገው አውቶቡስ ካመለጠኝ አለቀላት፤ ትታወርብኛለች። ባለፈው ሳምንት ልጄን ልያት ብዬ አንዴ ዞር ብል ተራዬን ነጠቁኝ።» ዕንባዋ ወረደ። «አታሥረኝም አይደል?»

ስለ መታሠር ያነሣ ሰው ግን አልነበረም። አባንግ ይህንንም ሰማ፤ አለፈው።

ስንታየሁ ሰዓቱን እያየ «መቶ አለቃ፣ መስኮቱን ልክፈት እንዴ? ሰው እየመጣ ነው» አለ።

«ትንሽ ቆይ።»

አባንግ አጥሩን ዞሮ ከሣሩ ውስጥ አንድ ነገር በእንጨት አንጠልጥሎ ተመለሰ። ጭንቅላቱ የተጨፈለቀ እባብ ነው። ሦስቱ ሰልፈኞች ፊት ጣለው። ስንታየሁንም ጠራው።

«አሁን ሁላችሁም ስሙኝ» አለ። «አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ ስለዚህ በአጭሩ ነው የምነግራችሁ። ይህን እባብ አንድ ሰው ገድሎ ወርውሮታል። በጨለማ እባብ መምታት የሚችል የለም፤ መብራት ያስፈልጋል። ባትሪው ይሠራል፣ መምህሩ ግን አይሠራም አለ። ጭንቅላቱ የተመታው አንዴ ነው፤ የለመደ ገበሬ እጅ ነው። ዝናብ ሳይጥል የአባባ ዱላ ጫፉ ታጥቧል። እግሩ ላይ ያለው ቋጠሮ ደግሞ ከኋላ በኩል ነው፤ ሰው ራሱን እንደዚያ አያስርም። ጨርቁ ጥለት አለው። ሺታዬ፣ ነጠላሽን ገልብጪው።»

ሺታዬ ገለበጠችው። ጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ተቀዷል።

«እንግዲህ ሦስታችሁም ነቅታችሁ ነበር። አንዱ አበራ፣ አንዱ መታ፣ አንዷ አሰረች። የተሸከመው ግን የለም። ሆስፒታሉ ያውና፣ ከዚህ ይታያል። ለምን?»

አባ ውቤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «አፈር ልብላ!» አሉ ከውስጥ።

«እንውሰድህ ብለነው ነበር» አለች ሺታዬ። «እምቢ አለ። ‹ተራ ይዣለሁ፤ ሰውዬው በጠዋት ይመጣል፤ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ይሻለኛል› አለን። እኛም እምቢ ሲለን... እውነቱን ልንገርህ፤ እምቢ ሲለን ደስ አለን። ደግመን አልለመንነውም። ማቃሰቱን ሲተው ‹ተኛ› ተባባልን። እንዳልተኛ ግን ሁላችንም አውቀናል።»

«እኔ አስተማሪ ነኝ» አለ ኦጅዋክ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ብርኩማዋን ግን ማንም አልነካትም» አለ አባንግ። «ሰውየውን ትታችሁ ተራውን ጠበቃችሁለት።»

ስንታየሁ ግራ ገብቶታል። «ቆይ፣ በጠዋት ይመጣል ያለው የምን ሰውዬ ነው? ቶክ ለራሱ አልነበረም እንዴ የተሰለፈው?»

አባንግ ጎንበስ ብሎ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ገለጠ። ጥግ ላይ የፖሊስ ጣቢያው ማኅተም አለ።

«የኔ ነው» አለ። «ሣሩ ላይ ያንጥፈው ብዬ ማታ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ሰውዬው እኔ ነኝ። በዚሁ አውቶቡስ እናቴ ዘንድ ልሄድ ነበር። ከፊት ልቁም ብል ስንታየሁ አይከለክለኝም፤ ግን ሰው ‹በመለዮው ተራ ቀማ› እንዳይለኝ አፈርኩ። ከደላላ መግዛትም ለፖሊስ ነውር ነው። ስለዚህ ቶክን ለጥቂት ሳንቲም አሳደርኩት፤ ርካሹን መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። እናንተን ስመረምር ይኸው አረፈድኩ። እናንተን ሳፋጥጥ የራሴን ደበቅኩ። ትንሽ እፍረት ብሸሽ ይህ ጠበቀኝ።»

ማንም ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ እሱም ማንንም አላየም።

«እሠረን» አሉ አባ ውቤ።

«በምን ሕግ? ሕግ ቢኖርማ መጀመሪያ የምታሠረው እኔ ነኝ። ይልቅ ተነሡ። ቢያንስ አሁን እንሸከመው።»

አባንግ፣ አባ ውቤና መምህሩ የብርድ ልብሱን ሦስት ማዕዘን ያዙ። አራተኛው ባዶ ነበር። ሺታዬ መስኮቱን አየች፤ የሚመጣውን ሰው አየች፤ ከዚያ ተነሥታ አራተኛውን ማዕዘን ያዘች።

«ሂጂ» አላት ስንታየሁ። «የልጅሽን ትኬት ቆርጬ አስቀምጥልሻለሁ። የሁላችሁንም።»

ሺታዬ ባለችበት ቆመች። «ይቀመጣል እንዴ?»

«ምን ይቸግረኛል? ሌሊትም ሄዳችሁ ቢሆን፣ ‹ሰው ታሞብን ነበር› ብትሉኝ እምቢ እላችኋለሁ? እኔስ ሰው አይደለሁ?»

ሺታዬ ከንፈሯን ነክሳ ብርድ ልብሱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከማንጎው ሥር ተነሥተው በአቧራማው መንገድ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ቶክ ቁመቱ ነው እንጂ ክብደት አልነበረውም። አባ ውቤ እንኳ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ አንዴም ልረፍ አላሉም። እጅ ሳይቀይሩ ደረሱ።