ለቀብር የሚቸኩሉት ተሳፋሪ

የትናየት ሳሎን ውስጥ ከብርሃን የተሠሩ ሽማግሌ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ባሏ ፍሬው የታጠበ ልብስ ታቅፎ በፊታቸው ሲያልፍ “ይቅርታ አባባ” አለ፤ እሳቸውም ጉልበታቸውን ሰብሰብ አደረጉለት። በዚህ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ቤት ምስለ ሰው ቢቀመጥ ማንንም አይገርምም። ምስለ ሰው የሚያይ፣ የሚሰማና የሚናገር የብርሃን አምሳያ ነው። ቀጣሪው ድርጅት በትንሽ ሳጥን ይልከዋል፤ አመልካቹም ለቃለ መጠይቁ እቤቱ ሆኖ ይለማመድበታል።

የትናየት የምትዘጋጀው የአንድ ትልቅ ኩባንያ ባለቤት የግል አብራሪ ለመሆን ነው። አውሮፕላኑ ግን ራሱ ይነሳል፣ ራሱ ያርፋል። ታዲያ አብራሪ ምን ያደርግላቸዋል? መጠየቁን ፈርታዋለች እንጂ እሷም ግራ ገብቷታል። ሥራውን ግን አጥብቃ ትፈልገዋለች። ይሄ ካመለጣት የቀራት ወደ ጨረቃ ጭነት ማመላለስ ነው፤ እዚያ የሄደ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ቤቱን አያይም። እናቷ ወይዘሮ አልታዬ አርጅተዋል፤ ጥላቸው መሄዱ አልሆነላትም።

ቃለ መጠይቁ ነገ ነው። አዲሱን የአብራሪ ባርኔጣ ከጠዋት ጀምሮ ከራሷ አላወረደችውም። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” እያሉ እናቷ ይተርቧታል። እሷ ግን የሞተሩን፣ የነዳጁን፣ የነፋሱን ትምህርት እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ችግሩ አንዱ ልምምድ ላይ ነው።

“ልጄ፣ እንነሳ” ይላሉ ሽማግሌው። “ወንድሜ አርፏል። ጎባ ነው የሚቀበረው። ሳልደርስለት አፈር ሊያለብሱት ነው።”

ሳጥኑ ግድግዳው ላይ የሚያሳየው ሰማይ በአቧራ ጠቁሯል። ተራራው አይታይም፤ መነሳት ክልክል ነው። የትናየት ይህን አሳምራ ታውቃለች።

“እሺ አባባ፣ እንሞክራለን” ትላለች።

ሳጥኑ ይጮኻል፦ “ተከስክሳችኋል። ሁላችሁም ሞታችኋል።”

“አሁንም ገደልሻቸው!” አለ ፍሬው ከጓዳ። “አቦ፣ እምቢ በያቸው እንጂ!”

“የቀብር ጉዳይ ሆኖ እንዴት እምቢ ይባላል? አንተ ትላለህ?”

ፍሬው ትንሽ አሰበ። “አልልም” አለ። “ግን እኔ አብራሪ አይደለሁም።”

ምሳ ሊበሉ ሲሉ ሳጥኑ ተበላሸ። ሽማግሌው ወደ ሌላ ጥያቄ አያልፉ፣ አይጠፉ። ፍሬው ማጥፊያውን ደጋግሞ ነካካው፣ ሳጥኑን በጥፊ ጠፈጠፈው፤ ወይ ፍንክች። ድርጅቱ ጋ ሲደውል “ነገ እንቀይርላችኋለን” አሉት። ነገ ምን ሊረባ!

ሽማግሌው ማዕዱ አጠገብ ቆመው “ልጄ፣ እንነሳ” እያሉ ያለቅሳሉ። እንባቸው ብርሃን ነው፤ ምንጣፉን አያርስም። ግን ሽማግሌ እያለቀሰ እህል በማን ጉሮሮ ይወርዳል? ወይዘሮ አልታዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

“እማዬ፣ እሳቸው እኮ ሰው አይደሉም።”

“ሰው መስለው ካለቀሱ እኔ ምን ቸገረኝ? ነፍስ ይማር ማለት አያደክም።”

የትናየት ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እስካሁን እሺ ስትል የነበረው አዝና ብቻ አልነበረም። ሽማግሌው ፊታቸውን ሲያጠቁሩባት ማየት ፈርታ ነው። አውሮፕላኑን የሚያበርረው ይሉኝታዋ ነበር። ሄዳ ከጎናቸው ቁጭ አለች።

“አባባ፣ አልነሳም” አለች። “ቢቆጡኝም አልነሳም። ተራራው አይታይም። ወንድምዎን ልንቀብር ሄደን እኛም አብረን አንቀበርም።”

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ። “አልፈሻል” አለ።

“እልል!” አለ ፍሬውና እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። ሳጥኑ ተስተካክሏል፤ አሁን ማጥፋት ይቻላል።

“ተው እስቲ” አለችው። “አሁን እምቢ ብያቸው አሁን ጥያቸው ልነሳ?”

“የቀሩት ጥያቄዎችስ? ነገ እኮ ነው!”

“ይቅሩ።”

እስኪመሽ ከጎናቸው አልተነሳችም፤ እናቷም አልተነሱም። ፍሬውም ጥቂት አጉረምርሞ ወንበር ይዞ መጣ።

በማግስቱ የቃለ መጠይቁ ክፍል በር ሲከፈት የትናየት ክው አለች። ከጠረጴዛው ጀርባ ያሉት ሰው ራሳቸው ሽማግሌው ናቸው፤ እኚህኛው ግን ሥጋ ለባሽ ናቸው። የኩባንያው ባለቤት አቶ መንበሩ።

“ቁጭ በይ ልጄ” አሉ። “ስለ ሞተር አልጠይቅሽም። አውሮፕላኑ ከሁለታችንም በላይ ያውቃል።”

በቃ፣ ጨረቃ ሄድኩ አለች በሆዷ።

“ወንድሜ የሞተ ዕለት አብራሪ አልነበረኝም” ብለው ቀጠሉ። “የለመንኩት አውሮፕላኑን ራሱን ነው። እምቢ አለኝ። ልክ ነበር፤ ነፍሴን አትርፎልኛል። ግን ‘መነሳት አይቻልም’ ብሎ መብራቱን አጠፋና ዝም አለ። አቧራው እስኪጠራ ጨለማ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።” ድምፃቸው ሰለለ። “ልምምዱን ያሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። እስከ መጨረሻው እሺ ያሉኝን አሰናበትኩ። እምቢ ያሉኝም አሉ፤ ግን እምቢ እንዳሉ ማጥፊያውን ተጭነው ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። እነሱም እንደ አውሮፕላኔ ሆኑብኝ። አንቺ ቤት ግን ሳጥኑ እስኪመሽ በርቷል። ሠራተኞቼ ብልሽት ነው አሉኝ።”

“ያኔስ ብልሽት አልነበረም። አታጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“እንዴ! ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል?”

አቶ መንበሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሳይዞሩ “ሰኞ ትጀምሪያለሽ” አሉ።

የትናየት በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ሮጣ ለእናቷ ብትነግር በወደደች። ሽማግሌው ግን ገና ከመስኮቱ አልተመለሱም። ወንበሯን አስጠጋች።

“ወንድምዎ ስማቸው ማን ነበር?” አለች።

ዞር ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

“ዘርዓብሩክ” አሉ፣ ፈገግ እያሉ። “ዘርዓብሩክ ነው የሚባለው። ጊዜ ካለሽ ልንገርሽ።”