አርባ ስምንት ጊዜ ዳርቱ

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ የሚያገኘው ነገር ሊኖር ይገባል፤ እኔ ግን ይህን በማውራቴ ያገኘሁት የልጆቼን ሳቅ ብቻ ነው። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም።

ጊዜው መጋቢት 1997 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት።

ጨለማ አልነበረም። ጎረቤትየው የምርጫውን ክርክር በሬዲዮ ከፍ አድርጎ እየሰማ ነበር።

ቤቱ የወልደሰንበት ነው። ወልደሰንበት የኅትመት ሠዓሊ ነበር፤ ሥዕሉን ጣውላ ላይ ይፈለፍላል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀት ይጭንበታል። ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ሲሠራ ጣቶቹም እንደ ጣውላው ተፈልፍለው ነበር። የተዋወቅነው ቡዳፔስት፣ ተማሪዎች ሳለን ነው፤ እኔ ሒሳብ፣ እሱ ሥዕል። ከዚያ ወዲህ እኔ ግማሹን ዓለም ዞርኩ፤ እሱ ከዚያች ዳገት አልወረደም።

በዚያ ዓመት አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷን ሥሎ፣ በእሷው ቅርፅ ወረቀቱን ሙሉ መሸፈን ፈለገ። በመካከል ክፍተት ሳይኖር። አንዷ በሌላዋ ላይ ሳትደረብ።

«የአንዷ ጀርባ የሌላዋ ፊት ይሁን፣ ብርቄ» አለኝ። «የአንዷ ሸክም የሌላዋ ቀሚስ።»

ይህ የሒሳብ ሥራ ነው። ቅርፆቹ በሚገናኙበት በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ ማዕዘኖቹ ተደምረው ሦስት መቶ ስልሳ ዲግሪ መሙላት አለባቸው። አንድ ዲግሪ ብትጎድል ቀዳዳ ይከፈታል፤ አንድ ብትተርፍ ይደራረባሉ። ሦስት ሳምንት ለካሁ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ለካሁ።

ተሳካ።

የሣልናት ዳርቱን ነው። በየቀኑ በበሩ የምታልፍ፣ ሳቂታ፣ በግራ ጉንጯ ላይ የእሳት ጠባሳ ያላት ወጣት እናት ነበረች።

ስሕተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ኅትመት ሁሉን ነገር ይገለብጣል፤ ጣውላው ላይ በግራ ያለው ወረቀቱ ላይ በቀኝ ይወጣል። ስለዚህ ንድፉን ጣውላው ላይ ገልብጠን መለጠፍ ነበረብን። በወሬ ተይዘን፣ እንዳለ ለጠፍነው።

የመጀመሪያው ወረቀት ሲነሣ አርባ ስምንት ዳርቱ ወጣች። ጠባሳዋ በቀኝ።

«ውይ! ምን ዓይነት ጅሎች ነን?»

«ተይው ባክሽ፣ ማን ልብ ይለዋል?»

ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን፣ ያልኳችሁ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... በሩ ተንኳኳ።

የዳርቱ ታላቅ እህት ሎሚ ነበረች። የዳርቱን የሦስት ወር ልጅ አዝላለች። ዳርቱ ከኋላዋ ቆማለች።

ሎሚ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እትዬ... እህቴን ምን አደረጋችኋት?»

«ምን ሆነች?»

«ፊቷን ይዩት...»

አየሁት። ጠባሳው በቀኝ ጉንጯ ላይ ነበር።

የእንጨት መልቀሚያ ማጭዷንም የያዘችው እንደ ወትሮዋ በቀኝ ሳይሆን በግራ እጇ ነው።

«ዳርቱ... ጠባሳሽ...»

«ከልጅነቴ ጀምሮ እዚሁ ነው፣ እትዬ» አለች ፈገግ ብላ።

ሎሚ እጄን ይዛ የእህቷ ደረት ላይ አሳረፈችው። በግራ በኩል... ምንም የለም።

በቀኝ በኩል ግን... ድም... ድም... ድም...

«ልጁ ጡቷን አልይዝም ካለ ሦስት ቀኑ ነው» አለች ሎሚ በሹክሹክታ። «ጤና ጣቢያ 'እናቱ ታጥባው' ይሉኛል። የቷ እናቱ? ዛሬን ካልጠባ ነገን አያይም።»

ሕፃኑ አያለቅስም ነበር። የማልቀሻ አቅም አልቀረለትም።

ወልደሰንበት ግድግዳው ላይ ወደ ሰቀለው ኅትመት ዞረ።

«ብርቄ... እውነተኛዋ የት ሄደች?»

«ወረቀቱን እየው» አልኩ። «ክፍተት የለውም። ቦታውን ሁሉ ይቺ ሞልታዋለች። ያቺ ብትመለስ የምትቆምበት የላትም።»

«አንዷን ቆርጬ ብገለብጣትስ?»

«አትገጥምም። ጎኗ የጎረቤቷ ጎን ነው። የምትገለብጥ ከሆነ... ሁሉንም ነው።»

በሙያው አንድ ዘዴ አለ። የታተመ ወረቀት ቀለሙ ሳይደርቅ ሌላ ነጭ ወረቀት ከተጫነበት፣ ምስሉ ዳግመኛ ተገልብጦ ይተላለፋል።

ወልደሰንበት ጣውላውን እንደገና ቀለም ቀባ። አተመ። በእርጥቡ ላይ ነጩን ወረቀት ዘረጋ።

የዳርቱ ፈገግታ ጠፋ።

«ጋሼ... ይተዉት።»

ወልደሰንበት የወረቀቱን ጠርዝ አስተካከለ።

«እኔም እኮ ልጅ አለኝ... እዚያ።»

ወልደሰንበት ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሎሚ ጀርባ ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ እግር አየሁ።

«ቀጥል» አልኩት።

በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ፈተገው። ቀስ ብሎ... ቀስ ብሎ... ከዚያም በአንድ ጊዜ ላጠው።

አርባ ስምንት ዳርቱ። ጠባሳዋ በግራ።

ዞር አልኩ። ዳርቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጠባሳዋ በግራ ጉንጯ ላይ ነው።

«ሎሚ! ልጄን ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የከሳው? አምጪው!»

ሕፃኑ ጡቷን ጎረሰ። መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ በስስት ሲጠባ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሎሚ አንድ ጊዜ ስታለቅስ፣ አንድ ጊዜ እልል ስትል ቆየች። ወልደሰንበት እንባውን በቀለማም እጁ ጠርጎ ፊቱን ቢያጠቁረው፣ ሁላችንም ከት ብለን ሳቅን።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሸኘናቸው። ሁለቱ እህቶች ሕፃኑን ይዘው ቁልቁለቱን ሲወርዱ እኛ ደጃፉ ላይ ቆመን ቀረን። ከተማዋ ከታች ተዘርግታለች።

«ወልዴ...»

«አየሁት» አለ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «ዝም በይ... ልጁ ጠብቷል።»

መንገደኛው ሁሉ ግንባሩን በእጁ ጋርዶ፣ እያወራ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አንድም የደነገጠ ሰው አልነበረም።

ፀሐይ፣ ጠዋት በወጣችበት በኮተቤ በኩል፣ ቀስ እያለች ትጠልቅ ነበር።