የዘጠኝ ሰዓት መንገድ

«እልልል! ደረሰችልኝ! ልጄ ደረሰችልኝ!»

እናት ስልኳን ከፍ አድርጋ በስፌት ማሽኗ ዙሪያ ትዞራለች። ስትሰፋው የነበረው የሙሽራ ቀሚስ መሬት ወድቆ እየረገጠችው ነው፤ ግድም አልሰጣት። ትንሿ ልጇ ሚጢ ስልኩን ተቀብላ መልእክቱን አነበበች። «በሰላም ደርሻለሁ። አታስቡ።» የመጣው ከእህቷ ቁጥር ነው።

ሚጢ ሰዓቱን አየች። የእህቷ አውሮፕላን የተነሳው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ገና ስድስት ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት ለጂኦግራፊ የቤት ሥራ ያሰላችው ይህንኑ መንገድ ነበር፤ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት ስምንት መቶ ቢበር፣ ዘጠኝ ሰዓት። እህቷም ትኬቷን አይታ «ልክ ነሽ አንቺ ጉደኛ» ብላት ነበር። ለእናታቸው ግን እንዳትጨነቅ ብላ «አገሩ ቅርብ ነው፣ ምሳ ሳትበሉ እደርሳለሁ» አለቻት።

«እማዬ፣ ትንሽ አልፈጠነም?»

«አውሮፕላን እኮ ነው! እንደኛ ሰፈር ታክሲ ሰው እስኪሞላ ይጠብቅልሽ?»

ሚጢ ሳቅ አልመጣላትም። ጠዋት ኤርፖርቱ በር ላይ እህቷ አቅፋት በጆሮዋ ያለቻት ትዝ አላት። «ለሥራ የሚልከን ደላላ ስልካችንን ሰብስቦ ወስዶታል። እዚያ የሚቀበለን ሰው ሌላ ይሰጠናል አለ። ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ደም ግፊቷ ይነሳል። እማዬ ትሙት በይ!»

ሚጢም ማለች።

ታዲያ ይህን መልእክት ማን ጻፈው? ደላላው ነዋ! ደረሰች የተባለችን ልጅ ማን ይፈልጋታል?

እናት ልታመሰግነው ደወለችለት። ድምፁ ከስልኩ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው።

«አላልኩዎትም እትዬ? አሁን አነጋገርኳት፣ ደክሟት ልትተኛ ነው። እስከ ነገ አይደውሉላት፣ እሺ? ... ትንሿስ ደህና ናት? ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

«ስምንተኛ! ተመስገን፣ አድጋልሃለች።»

«ጎሽ። ለእሷም እናስብላታለን።»

ሚጢ ማሽኑን ተደገፈች። እማዬ ትሙት ብላ ምላለች። የማለችባት እናት ደግሞ ፊቷ ቆማ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ትስቃለች። ቃሌን ባፈርስ እሷ አንድ ነገር ብትሆንስ? ዝም ብትል ደግሞ እህቷን እዚያ የሚቀበላት ማን እንደሆነ አታውቅም።

ሄዳ በሩን ዘጋች።

«እማዬ፣ ውሸቱን ነው። ስልኳ እሱ ጋ ነው ያለው። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር። አልደረሰችም፤ ገና አየር ላይ ናት።»

«አፍሽ ቁርጥ ይበል! ምን ትላለች ይቺ?»

«መንገዱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሦስቱ ብቻ ነው ያለቀው።»

የእናት ፊት ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ሚጢ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አቀረበችላት።

«ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ። እስክታርፍ ስድስት ሰዓት አለን።»