የቁር አምባ ሚዛን

ቁር አምባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተሳፋሪ እንደ እህል ይመዘናል። የማረፊያ ሜዳው ጠባቂ አያ ፈንታ የእህል ሚዛናቸውን ከቆርቆሮዋ ቤት ደጃፍ ያቆሙና ሰውን ከነጓዙ ሚዛኑ ላይ እያወጡ ክብደቱን ጮክ ብለው ይናገራሉ፤ አብራሪው ካፒቴን ልዑልሰገድ ይደምራል፣ ትንሿ አውሮፕላን የምትችለውን ያህል ያስገባል፣ የተረፈው ለሌላ ቀን ይቆያል። ያን ቀን ጠዋትም ሥራው እንደ ወትሮው ነበር። ምጥ የጠናባት ውድነሽ፣ ባሏ አዳነ፣ ማር በጣሳ የያዘ አንድ ነጋዴ ተመዘኑ። ሸክሙ በዛ።

"አንዱ ይቅር፣ ካፒቴን" አሉ አያ ፈንታ።

ነጋዴው ቀድሞ ገብቶ ቀበቶውን አስሯል። አዳነ ደግሞ ሚስቱን በምጥ ትቶ መቅረት እንዴት ይሆንለታል፤ የካፒቴኑን እጅ ይዞ አለቀሰ። ልዑልሰገድ ሆደ ቡቡ ነው። ግድ የለም ትነሳለች ብሎ ሁሉንም አስገባ። ጉም ከገደሉ እየወጣ ስለነበር ለክርክርም ጊዜ አልነበረም።

ሞተሩ እያጓራ፣ ጎማዎቹ ጠጠሩን እየፈናጠሩ፣ ሜዳው ከሥራቸው መሮጥ ጀመረ፤ ፍጥነቱ ግን አልመጣም። ልዑልሰገድ መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። አውሮፕላኗ ቀና አለችና መልሳ ደፋ አለች። ሜዳው አለቀ። ባለ በሌለ ኃይሉ ፍሬን ያዘ፤ አንድ ከባድ መንገጫገጭ ሆነ፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

ተመስገን፣ ጫፉ ላይ ቆመናል፣ አለ በልቡ።

ከውጭ ከጉም በቀር የሚታይ ነገር የለም። አንድ ነገር ከሥሩ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ነዳጅ ይሸታል፣ ከነዳጁ ጋርም የማር ሽታ፤ ጣሳዎቹ ተከፍተው መሆን አለበት። ከኋላው ውድነሽ ታቃስታለች። ሐኪም ቤት ሳያደርሳት ቢቀር ዕድሜ ልኩን እንደሚጸጽተው ያውቃል። ሸክሙን ማቃለልና እንደገና መሞከር ነው።

አያ ፈንታ ሰዎች አስከትለው በጉሙ ውስጥ መጡ። ከበሩ ጋር ብዙ ታገሉ፤ ብረቱ ሲያንቋርር ጥርሱ ድረስ ተሰማው። መጀመሪያ ነጋዴውን አወረዱ። ጎሽ፣ ነገሩ ገብቷቸዋል፣ አለ ልዑልሰገድ። ሰውየውን ለሁለት ደግፈው ማውጣታቸው ገርሞት፣ መቼም ድንጋጤ ነው ብሎ አለፈው። ቀጥሎ አዳነን አወጡት፤ እኔን ተዉኝ፣ እሷን አስቀድሙ እያለ ይለምናቸው ነበር። ልዑልሰገድ ዞር ብሎ ሊያጽናናው ፈለገ፣ አንገቱ ግን አልታዘዘውም። ቀበቶው ነው የያዘኝ አለ። እግሮቹን ፔዳሉ ላይ ፈለጋቸው፤ ያገኘው ብርድ ብቻ ነበር።

ውድነሽን በቃሬዛ ሲያነሷት ግን ደነገጠ። እሷን አይደለም፣ የምንበረው ለእሷ ነው፣ መልሷት አላቸው። ቃሬዛው በጎኑ ሲያልፍ ውድነሽ አየችው፤ አይታውም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሁሉም ይህ አስከፋው።

ጉሙ አሁን መስታወቱ በነበረበት በኩል ገብቶ ጭኑ ላይ ተኝቷል። አውሮፕላኗ ባዶ ናት፣ ቀላል ናት፣ አሁንማ ትነሳ ነበር። ይህን ሊነግራቸው ጮኸ፤ የገዛ ድምፁን አልሰማውም። አያ ፈንታ ብቻቸውን ተመልሰው ጎንበስ አሉና ብዙ አዩት፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። ደግ ሰው፣ መበርዴን አወቁልኝ፣ አለ። ጋቢው ከጭኑ ወደ ደረቱ ወጣ፣ አገጩ ጋ ደረሰ፣ እዚያም አልቆመም።

በጨለማው ውስጥ አያ ፈንታ ሰዎቹን ሲያዙ ሰማ።

"እናንተ ሴትዮዋን ቶሎ በትከሻ አድርሷት፤ ሬሳ ይከብዳል፣ ለእሱ ኋላ እንመለሳለን።"