ይህችን ገዢ ታውቃታለህ?

ደንብ የሚያወጡ ሰዎች ፊታቸው አይታይም። ቢታይ ኖሮ በራቸው ላይ ቆሜ የምጠይቃቸው ነበረኝ።

የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ አስተማሪዬ «ከአንተ ጋር ከምደክም ግድግዳውን ባስተምር ይሻለኛል» ያለኝን ግን እስከ ዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ። በኋላ አንዲት ልጅ ወድጄ ቤቷ ብሄድ፣ አባቷ እጄን አይቶ «ይሄ ጥቁረት በሳሙና ይለቃል?» አለኝ። ቢሮ ገብቶ ወንበር የሚያሽከረክረው ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ዝገት» የሚል ስም አወጣልኝ። እልህ ይዞኝ በኢንተርኔት የጨረታ ገጽ ላይ ስመዘገብ መጠሪያዬን «ዝገት» አልኩት።

እዚያ ገጽ ላይ ሰው ሆኜ ነበር። የሞቱ መኪናዎችን እየፈታሁ፣ እያጸዳሁ፣ ዕቃቸውን ለጨረታ አወጣለሁ። አንድ ቀን ከሌላ ከተማ፣ መጠሪያዋ «ሰባራ መርፌ» የሆነ ልብስ ሰፊ ያወጣሁት መዘውር ይጮህ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«ዘይት ካልበላ ይጮኻል፤ እንደ እኔ» ብዬ ጻፍኩላት።

«አንተስ ምን ስትበላ ነው ዝም የምትለው?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን አልተቋረጠም። እናቷ ጨርቁን በመቀስ ትቀዳለች፣ እሷ ትሰፋለች፤ መኪናዋ ሲቆም ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል። እኔም የአስተማሪዬን ነገር አጫወትኳት። «ግድግዳው ታዲያ ምን ደረሰ፣ ተመረቀ?» ብላ መለሰችልኝ። በዚያ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

አጫራረቷም የራሷ ነበር። ሌላው ተጫራች እንደ ድመት አድፍጦ መጨረሻዋን ደቂቃ ይጠብቃል። እሷ ገና ዕቃው ሲወጣ ዋጋዋን አንድ ጊዜ ትሰጥና ዝም። ከበለጧት ይብለጧት፣ አትመለስበትም።

ከዚያ ደንቡ መምጣት ጀመረ፤ ሁሉም «ለደህንነታችሁ ሲባል» እያለ። መጀመሪያ የተጫራቾች ስም በኮከብ ተሸፈነ። ቀጥሎ ገዢ ሻጭን እንደልቡ ይንቀፍ፣ ሻጭ ግን ገዢን አይንቀፍ ተባለ። አንዱ ዕቃውን ራሱ በመዶሻ ሰብሮ ሲያበቃ ሌባ ብሎ ጻፈብኝ፤ መልስ የምሰጥበት ቦታ አጣሁ። ከዚያም መጻጻፍ ተከለከለና እነሱ ካዘጋጁት ዓረፍተ ነገር መምረጥ ብቻ ሆነ። የሰውን አፍ ለጉመው ሲያበቁ በራሳቸው አፍ ተናገሩ ይሉናል።

እኛም በነሱ አፍ ተናገርን። «ዕቃው በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው?» ትለኛለች። «አዎ፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» እላታለሁ። ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ መባባላችን ነበር። ከኮከቡ ኋላ እሷ መሆኗን ግን በአጫራረቷ አውቃለሁ።

ይህንንም አልማሩንም። ከአንድ ሻጭ ዘንድ የሚመላለስ ገዢ ዋጋ የሚያንርለት የራሱ ሰው ነው፣ አጭበርባሪ ነው የሚል ደንብ ወጣ። ሰው የወደደው ጋ አይመላለስም እንዴ? የሁለታችንንም መዝገብ አገዱት፤ ለኔ አንድ ጥያቄ ላኩ። «ይህችን ገዢ ታውቃታለህ?» ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፤ «አዎ» እና «አላውቃትም»።

እህቴ አጠገቤ ቆማ ፊቷን አይቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላየሁም አልኳት። «ታዲያ አላውቃትም በላ፤ መተዳደሪያህን ልትዘጋ ነው?» አለችኝ። ነካሁት። መዝገቤ እንደታገደ ቀረ። ዕቃ የምልክበት አድራሻዋ በእጄ፣ የኔም በእጇ ነበር፤ ግን በኔ ምክንያት ገበያዋ ለተዘጋባት ሴት ምን ብዬ ልጻፍ?

አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የመኪና ራስ ታቅፋ ሱቄ ገባች። የክር ማመላለሻው መሰበሩን፣ ዕቃውን ከገበያ ብታጣው ሥራ መፍታቷን ነገረችኝ። ያን ሰሞን ለማንም ፊት አልሰጥም ነበር፤ ቀና ሳልል ስንት እንደምትከፍል ጠየቅኳት።

ዋጋዋን አንድ ጊዜ ተናገረች። ከዚያ ዝም። አልተከራከረችም፣ አልለመነችም፤ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ ቆመች።

መፍቻው እጄ ላይ ቀረ። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። ቀና ስል ቀጭን ናት፤ ጣቷ በመርፌ የተበሳሳ፣ ዓይኗ የደከመ።

«ዕቃው በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው?» አልኳት።

ከመስኮቱ ወደኔ ዞረች። «አላውቃትም ብሏል ብለው ጻፉልኝ። ብለሃል?»

«ሁለት መልስ ብቻ ነው የሰጡኝ።»

«ለእኔም ሁለት ነው የሰጡኝ።»

«ፊትሽን አላየሁማ።»

«እኔስ ያንተን የት አየሁት? አውቀዋለሁ ነው ያልኩት። እኔ አውቀዋለሁ፣ አንተ አላውቃትም ስላልን ውሸታሞች ናችሁ ብለው ዘጉን።»

መሬቱን አየሁ። እነሱን ልራገም አፌን ከፍቼ፣ ስድቡ ግማሹ ለኔ እንደሚደርስ ገባኝና ዋጥኩት።

«ከግድግዳው ጋር ቢፈትኑኝ ግድግዳው ያልፋል» አልኳት።

ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን አዞረች። «መኪናዬን ሥራልኝ እስቲ። ሌላ ጊዜ ደግመን እንፈትንሃለን።»

ለዚያች መኪና የሚሆን ማመላለሻ ሱቄ ውስጥ ነበረኝ። ፈልጌ ለማግኘት ግን እስኪመሽ ቆየሁ፤ እሷም አላጣደፈችኝም።

አሁን ከሱቁ በር አጠገብ እሷ ትሰፋለች፣ ከጓዳ እኔ እጠግናለሁ። እናቷም እዚሁ መጥተው ጨርቅ ይቀዳሉ፤ በእጄ ጥቁረት ላይ እስካሁን ቃል አልወጣቸውም። ባለፈው ገጹ መልእክት ላከ። ሻጩም ገዢውም ጥሏቸው ሄዶ ኖሮ ደንቡን አሻሽለናል፣ ይቅር ብለናችኋል፣ ተመለሱ ይላሉ። እኛን ነው ይቅር የሚሉት። ለመመለስ ግን ያችኑ ጥያቄ መመለስ ነበረብኝ፤ ቁልፉም ያው ሁለት ነው።

ስልኩን ወስጄ አሳየኋት። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነበር። አነበበችና ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ዝም።

«አዎ» የሚለውን ነካሁት። የገዢ የቅርብ ሰው ስለሆንክ መዝገብህ ለዘለቄታው ተዘግቷል አለኝ።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች።

«አለፍክ» አለችኝ።