ማዳመጫው ያላጠፋው ድምፅ

«እዚህ ቤት ውስጥ እኔ ምንድን ነኝ? ወንበር ነኝ?» አሉ እናና ድንቅነሽ። «ሦስት ጊዜ ተጣራሁ! ወንበር እንኳ ሲገፉት ይጮኻል፤ ሰውም ዞር ብሎ ያየዋል።»

ኦሻራት ሰምታቸዋለች። እንዲያውም ደብተሯ ላይ እየጻፈች ነበር፦ «የፍሪጅ ድምፅ፦ ጠፍቷል። የአየር ማቀዝቀዣ፦ ጠፍቷል። አያቴ፦ አልጠፉም።»

ጆሮዋ ውስጥ የተሰኩት ሁለት ነጫጭ ገመድ አልባ ማዳመጫዎች የሷ አይደሉም። የአሚሻቭ ሰፈር ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚውሉበት ማትናስ ለጌም ክፍሉ አሥር እንደዚህ ያሉ ሊገዛ አስቧል። አስተባባሪው ሊዮር አንዱን ጥንድ ለአምስት ቀን ሰጥቷት፣ «ለጌምም ለመንገድም ይሆን እንደሆነ ፈትሺና ጻፊልኝ» አላት። አብሯት የሚጫወተው ኢታይ ይሄን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «እሷ? እሷ ስለ ድምፅ ምን ታውቃለች?»

አታውቅም የተባለ ሰው እልህ ይይዘዋል። ሊዮር ሁለት ነገር ነበር የጠየቃት፤ እሷ አሥራ አንድ እየፈተነች ነው።

እስካሁን የደረሰችበት ይሄ ነው። ጌም ላይ ተኩሱን ዓይኗ ካየ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው፤ ለጌም የተሠራውን አማራጭ ስታበራው መዘግየቱ ይቀንሳል፣ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። ማይኩ መናኛ ነው፤ ኢታይ «ባልዲ ውስጥ ገብተሽ ነው የምታወሪው?» ብሏታል። ጫጫታ ማጥፊያው ሳያቋርጥ የሚያጓራውን ሁሉ ጥርግ አድርጎ ይውጠዋል። የሰው ድምፅ ግን ይቀጥናል እንጂ አይሞትም።

አንዱን ከጆሮዋ አወጣች። «አቤት፣ እናና።»

«ነገ ምስራድ እንሄዳለን። ረሳሁ እንዳትይ።»

«በሰደር፣ እሺ እናና። አልረሳሁም።»

እንዴት ይረሳል! እናና ድንቅነሽ ጎንደር የቀረ አንድ ወንድም አላቸው፤ በላቸው ይባላል። ወደ እስራኤል ለመምጣት ሃያ አንድ ዓመት ጠብቋል። በየሦስት ወሩ እናና ምስራድ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሄደው መስኮቱ ፊት ይቆማሉ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ዕብራይስጡም አልገባላቸውም፤ የወንድማቸውን የማህደር ቁጥር ግን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ በቃላቸው ይወርዱታል። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ አፋቸው ኦሻራት ናት።

ከሰዓት በኋላ እናና ጎረቤት ሊጠይቁ ወጡ። ኦሻራት ሶፋው ላይ ተጋድማ የመጨረሻውን አማራጭ መሞከር ጀመረች፤ ማዳመጫው ጆሮ ውስጥ እያለ የውጭውን ድምፅ የሚያስገባውን። ጌሙ ዙር እስኪጀምር ፀጥ ብሏል። በሩ ተከፈተና አጎቷ ስሜነህ ገባ። ኪርያት ማታሎን ካለው ጋራዥ በቀጥታ ነው የመጣው፤ እጁን እንኳ አልታጠበም።

«ልጅቷ አለች» አለች እናቷ ማዕዛ።

«ተያት፣ ጆሮዋን ደፍናለች። እነዚህ ልጆች ቤት ቢቃጠል አይሰሙም።»

ይሄ ነው ስህተታቸው።

«በላቸው አረፈ» አለ ስሜነህ። «ትናንት ከጎንደር ተደወለልኝ። ቀብረውታል።»

ማዕዛ በእጇ የያዘችውን ፎጣ አፏ ውስጥ ጎሰረችው። ኦሻራት ዓይኗን ከስልኩ አላነሣችም። ዙሩ ተጀምሯል፤ አንድ ሰው መጥቶ ገደላት፣ ተነሣች፣ እንደገና ገደላት።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አለ ስሜነህ። «ነገ ዘመድ አይደርስም። ዓርብ ለሰንበት አጥቢያ አይነገርም። እሑድ ማለዳ ሽማግሌዎቹን ይዤ መጥቼ እናረዳቸዋለን።»

«ነገ ምስራድ ይሄዳሉ እኮ! በላቸውን ሊጠይቁ!»

«ይሂዱ። ከከለከልናቸው ይጠረጥራሉ።»

ሞት በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻው ለተቀመጠ ሰውም አይነገርም። ሽማግሌዎች ማለዳ ይገባሉ፣ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ነው የሚያረዱት፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር። ሥርዓቱ ክፉ አይደለም። ክፉዎቹ በመሐል ያሉት ቀኖች ናቸው። የሞተው ሰው እነዚያን ቀኖች በእህቱ ቤት ይኖራቸዋል፤ ይታሰብለታል፣ ልብስ ይቀመጥለታል፣ ማህደሩ ይጠየቅለታል።

ኦሻራት ጫጫታ ማጥፊያውን ተጫነች። ፍሪጁ ጠፋ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ጠፋ፣ ከላይ ቤት የሚጎተተው አልጋም ጠፋ። የእናቷ ሲቃ ቀጥኖ፣ እንደ ክር ሆኖ፣ ቀረ። ደብተሩን ሳበች። «ለጌም፦ ከአሥር ሰባት። ለመንገድ፦ ስምንት። ለቤት፦» ብላ ባዶውን ተወችው።

ሐሙስ ጠዋት እናና ነጭ ነጠላቸውን ለበሱ፣ ወረቀቶቹን በፌስታል ያዙ፣ አውቶቡስ ውስጥም ከሹፌሩ ጋር ተጨቃጨቁ፤ በደህናቸው ቀን እንደሚያደርጉት። መስኮቱ ጋ ያለችው ወጣት ሴት ግን አላየቻቸውም። ዓይኗ ኦሻራት ላይ ነበር።

«የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ እኔን እያየሽ አውሪ በያት» አሉ እናና።

ኦሻራት በዕብራይስጥ አለቻት። ሴትዮዋ እናናን ለቅጽበት አየችና ወደ ኦሻራት ተመለሰች። ኮምፒዩተሩን ነካካች። ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በመታየት ላይ ነው። «ደግሞ ፎቶው አርጅቷል» አለች። «አዲስ ፎቶ ይላክ።»

ኦሻራት የእናና ፌስታል ላይ አፈጠጠች።

«ምን አለች?»

«እናና…»

«ምን አለች ነው ያልኩሽ! ልሳንሽ ተያዘ?»

«ፎቶ… አዲስ ፎቶ ይላክ አለች።»

የእናና ፊት እንደ ልጃገረድ ፊት በራ። እንደዚህ በርቶ ኦሻራት አይታው አታውቅም፤ ባላየችውም ደስ ባላት። «ፎቶ ጠየቁ? ለማይመጣ ሰው ማን ፎቶ ይጠይቃል! በያ፣ ነጩን ጋቢውን ለብሶ ይነሣ። ጢሙን ይላጭ። ሽማግሌ መስሎ ከታየማ አይወስዱትም። ስሜነህ ዛሬውኑ ይደውልለት!»

ኦሻራት እንባዋ እየወረደ ፌስታሉን ነጥቃ ወደ ውጭ ወጣች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሁለቱንም ማዳመጫ ሰካችና ጫጫታ ማጥፊያውን አበራች። መኪናው ሁሉ አፉ ተለጎመ። እናና እያለከለኩ ደረሱ፣ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ፊቷን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አንዱን ስጪኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«እሱን ነዋ። ሳምንት ሙሉ የምትመረምሪውን። እኔስ ጆሮ የለኝም?»

ኦሻራት ሻሻቸውን ገለጥ አድርጋ አንዱን ሰካችላቸው። ትልቅ አውቶቡስ ከፊታቸው እያጓራ ቆመ፤ እናና እንደሚታዘብ ዳኛ ገርመም አደረጉት።

«ጉድ እኮ ነው። ተሸነፈ።»

«ጥሩ ነው?»

«አዎ፣ ጥሩ ነው። አሁን ስሚኝ።» ወደሷ አልዞሩም። «ትናንት ማታ እናትሽ እግሬን አጠበችልኝ። በፋሲካ እንኳ አታጥበኝም። ስሜነህ ደረጃው ላይ አገኘኝና ዓይኔን ሳያይ ሳመኝ። አንቺ ደግሞ ፎቶ ስልሽ አለቀስሽ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዕውር አይደለሁም። የሰማሽው ነገር አለ?»

«የለም» ማለት ቀላል ነበር። እስከ እሑድ ሦስት ቀን ነው። ጌሙን ከፍታ፣ ጆሮዋን ደፍና፣ ሦስት ቀን ታሳልፋለች። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ እሷም ከሌላው ጋር እኩል ታለቅሳለች፤ ማንም አያውቅባትም። እናናም እስከዚያ ጋቢ ሲያስቡ፣ ጢም ሲያስቡ ይቆያሉ።

«አለ» አለች።

የእናና እጅ ጉልበቷ ላይ ዐረፈ፤ ከብዶ። አፏን ደግማ ልትከፍት ስትል ጨመቋት።

«በቃ። አትጨምሪ። ከአንቺ አፍ አልሰማውም። ዕድሜ ልክሽን ‹እኔ ነኝ የነገርኳቸው› ስትዪ እንድትኖሪ አልፈልግም። ደውይለት።»

«ለማን?»

«ለዚያ ፈሪ አጎትሽ።»

ደወለች። ስልኩ ከማዳመጫው ጋር የተያያዘ መሆኑ ትዝ ያላት፣ የስሜነህ ድምፅ በእሷ አንድ ጆሮና በእናና አንድ ጆሮ እኩል ሲገባ ነው።

«ኦሻራት! እንዴት ነው? እማዬ የሰሙት ነገር አለ እንዴ? ማንም ምንም እንዳይነግራቸው!»

እናና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱት፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። ኦሻራት ማዳመጫውን ልታወጣላቸው እጇን ዘረጋች፤ ማይኩ መናኛ ነው፣ ስሜነህ አይሰማቸውም ብላ። እጇን መለሱት። ማይክ አያስፈልጋቸውም። ሲጮኹ ማቆሚያው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ስሜነህ፣ እኔ ነኝ። ሰማሁህ። ወደ ቤት እየገባሁ ነው፤ ምንጣፉን አነጥፋለሁ። ሽማግሌ ካገኘህ ይዘህ፣ ካጣህም ብቻህን ና። እሑድ አትበለኝ። ስሙን እኔ አልጠራውም፤ አንተ ነህ ዓይኔን እያየህ የምትጠራው። ዛሬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ናና አርዳኝ!»