የአባባ ሳህን

አባባን ወድቀው ያገኛቸው ልጃቸው ነው። ከመኖሪያ ቤቱ ሥር ባለው የአናጢ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ከሥራ ጠረጴዛቸው አጠገብ፣ ፊታቸው አብጦ፣ አንድ እጃቸው ወደ ደረጃው እንደተዘረጋ ቀርተዋል። ጠረጴዛው ላይ ሳህን፣ ቢላዋና የተገመጠ ዳቦ ነበር። አባባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለውዝ አይቀምሱም፤ ከቀመሱ ጉሮሯቸው ይዘጋል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሳህኑ ላይ በተረፈው አይብ ውስጥ የተገኘው ግን የተፈጨ ለውዝ ነው።

ሳህኑን ያዘጋጀችው ምራታቸው ናት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳጅኑ መጣና «ልብስ ያዢ፤» አላት።

«ልጁስ?»

«ከአባቱ ጋር ይቆያል።»

«ገና አምስት ወሩ ነው። ጡት ነው የሚጠባው።»

«እሱን እዚያ ስትደርሺ ትጠይቂያለሽ።»

ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ለሚሰድበው ሁሉ መልስ የማያጣ ሰው። አሁን ግን መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጭ የቆመውን የፖሊስ መኪና እንጂ እሷን አያይም። ልጁን አጥብቃ ያዘችው። የትኛውን ልብስ እንደምትይዝ እንኳ ማሰብ አልቻለችም። ሰው እስር ቤት ሲሄድ ምን ይለብሳል?

መርማሪዋ ደረጃውን ቀስ ብላ የወጣችው ይኼኔ ነው። አርባን የተሻገረች አጭር ሴት ናት። ሰው ሲናገር ዓይኗን ትጨፍናለች፤ የማያውቃት ያንቀላፋች ይመስለዋል።

«ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ትሠሪልኛለሽ፤» አለቻት። «ያንን የአይብ ምግብ። ልክ እንደዚያ ቀን፣ አንድም ነገር ሳታስቀሪ።»

«አለቃ፣ እኛ እኮ ለምሳ አልመጣንም፤» አለ ሳጅኑ።

«አንተ አትበላም። ቁጭ ብለህ ትጽፋለህ።»

ምራትየዋ ልጁን ለባሏ ሰጠችና ወጥ ቤት ገባች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ እሷ ባትኖርም የሚሠራ ይመስል ነበር። ትኩሱን አይብ በማንኪያ ጀርባ እያሸች አለሰለሰችው። ማር ጨመረች፣ ፍሬው የወጣለትን ቴምር በደቃቁ ከትፋ ጨመረች፣ ጨው ቆነጠረች። የዱባ ፍሬ በደረቅ መጥበሻ አምሳ ወቀጠችና ከአይቡ ጋር አዋሐደችው።

«ለውዙስ?» አለች መርማሪዋ።

«ለውዝ ለእንግዶቹ ነው። ይኼ የአባባ ነው። ሁልጊዜ የእሳቸውን ነው የማስቀድመው። የእሳቸው ተሠርቶ፣ ተሸፍኖ፣ ፍሪጅ ካልገባ በቀር ለውዙን ከቁም ሳጥን አላወጣም። ሙቀጫውም፣ ማንኪያውም የተለየ ነው።»

«እንግዲህ በስህተት ሊገባ አይችልም ማለት ነው፤» አለ ሳጅኑ ቀና ሳይል እየጻፈ።

 ምራትየዋ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጸልይበት የነበረውን አንድ በር፣ ‹በስህተት ነው› የሚለውን፣ በገዛ አፏ ዘጋችው። ልታስተካክለው ፈለገች፤ የምታስተካክለው ነገር አልነበረም። እውነቱ ያ ነው።

ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ስስ ነጭ ጨርቅ አነጠፈች፤ አይቡን ሞላችበት፤ የጨርቁን ጫፎች ከላይ አጠፈችና ውኃው እንዲወጣ ክብደት ጫነችበት።

«ያድራል፤» አለች።

«ለዛሬ ሦስት ሰዓት ይበቃናል። በማግስቱስ?»

«በማግስቱ እንግዳ ሊገባ ሲል በሩን ዘግቼ እገለብጠዋለሁ።»

«በሩን ለምን ትዘጊያለሽ?»

ፊቷ ቀላ። «አንዳንዴ ይሰነጠቃል። በረጠበ ቢላዋ እጠግነዋለሁ። ሰው እንዲያይብኝ አልፈልግም። ሁሉም እንዴት እንዲህ ይለሰልሳል ሲለኝ ደስ ይለኛል።»

«ባልሽም አይቶ አያውቅም?»

«እሱ የሚያውቀው መብላቱን ነው።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች። ከዚያ ወደ ምግብ ክፍሉ አለፈች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ምራትየዋ ዕቃ እያጠበች ሁሉንም ሰማች።

መጀመሪያ የገባችው ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ ናት። በዚያ ቀን ምሳ ላይ ነበረች። አባባ ለውዝ ቢነካቸው የሚወጉት መርፌም በእሷ ኃላፊነት እዚያው ክፍል፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

«ሲስተር፣ ባለፈው ሳምንት ሰማሁ ያሉትን ይድገሙልኝ።»

«ከአማቷ ጋር ሲጨቃጨቁ፣ ‹አንድ ቀን ይቺን የእርስዎን ሳህን መለየት እተዋታለሁ› አለች። ሰማሁ። ክፉ አልተመኘሁባትም፤ ግን ጆሮዬን ምን ላድርገው?»

ምራትየዋ የውኃውን ቧንቧ ዘጋች። ብላዋለች። ልጁ ሲያለቅስ፣ ወተቱ ሲገነፍል፣ አባባ ለሦስተኛ ጊዜ ሻይ ሲያዝዙ ብላዋለች። ማታውኑ ይቅርታ ጠይቃለች፤ እሳቸውም ስቀው ጉንጯን ቆንጥጠዋታል። ይህን ግን የሰማ የለም።

«ምሳው ላይ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ወርክሾፑን የሚገዙት ሰዎች መጥተው ነበር፤ ከምሳ በኋላ ሊፈራረሙ። ደስ የሚል ጨዋታ ነበር። ጋሽዬ እንኳ የወንድማቸውን የአባባን አይብ አናት በቢላዋ ገሽልጠው በሉባቸው። አባባም ‹የራስህ ቀርቦልህ የኔን ትመነትፋለህ?› ብለው ሲስቁ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«አባባ ከላይ ከላይ እያሉ ግማሹን በሉ። እንግዶቹ ተፈራርመው ሲሄዱ የቀረውን ይዘው ወደ ወርክሾፑ ወረዱ። ለመጨረሻ ጊዜ ልሰናበተው አሉ። ብቻቸውን ሆኑ፤ መርፌው እዚህ፣ እሳቸው እዚያ።»

ቀጥሎ ባሏ ገባ። መርማሪዋ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ሚስትህ ታደርገዋለች?»

ምራትየዋ እርጥብ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ልጁ አባቱ እቅፍ ውስጥ ሲነጫነጭ ይሰማል።

«እኔ እንጃ፤» አለ ባሏ።

ከዚህ በኋላ ምድሪቱ ብትከፈትም ግድ አልነበራትም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። መቀመጧን ያወቀችው ጋሽዬ የቀረበላቸውን ሻይ «ስኳር የለውም አይደል?» ብለው ሲጠይቁ ነው። የአባባ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከወርክሾፑ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖራሉ። አርባ ዓመት ከወንድማቸው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት እንጨት ሲልጉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ይቺን ልጅ ልቀቂያት፤» አሉ። «ይቺ ጉንዳን እንኳ አትረግጥም። ከፈለግሽ እምላለሁ።»

«ታዲያ ለውዙን ማን ጨመረው?»

«በስህተት ነዋ። በስህተት ነው በሉት። ምን ይጎዳችኋል?»

«ወርክሾፑ ቢሸጥ እርስዎ የት ሊሄዱ ነበር?»

ጋሽዬ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ወንድሜ አፓርታማ አንድ ክፍል እከራይልሃለሁ ብሎኛል። አራተኛ ፎቅ። እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ግድግዳውን ልላግ?»

ምራትየዋ አለቀሰች። ከዚያ ሁሉ ሰው ለእሷ የተናገሩላት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መርማሪዋ ሁሉንም በምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ጎድጓዳውን ሳህን ራሷ ከፍሪጅ አውጥታ መሀል ላይ አስቀመጠችና «በይ ገልብጪው፤» አለች።

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

ምራትየዋ ጠፍጣፋውን ሳህን ከላይ ከደነችበት። ሁለቱን አንድ ላይ ይዛ ገለበጠችና ጎድጓዳውን አነሳች፤ ጨርቁን ከጫፍ ጀምራ ላጠችው። ነጩ አይብ እንደ ኮፍያ ጉብ ብሎ ቀረ። በአንድ ጎኑ ቀጭን ስንጥቅ ነበረው። ሳታስበው ቢላዋ አርጥባ ጠገነችው።

«ሲስተር፣ ምን ይታይዎታል?»

«ያማረ አይብ።»

«ፍሪጅ ውስጥ ሳለ ጨርቁን ገልጬ አንድ እፍኝ የእንጨት ብናኝ ነስንሼበታለሁ። የት ሄደ?»

 መርማሪዋ ቢላዋውን ተቀብላ አይቡን ከአናቱ እስከ ሥሩ ሰነጠቀችው። ብናኙ ከሥር፣ ሳህኑን ታክኮ፣ እንደ ቡናማ መስመር ተጋድሞ ነበር።

«ከአባባ ሳህን ላይ የተገኘው ለውዝም እንዲሁ ነው፤» አለች። «ሳህኑን በነካው ስስ ንጣፍ ላይ እንጂ ከዚያ በላይ በቀረው አይብ ውስጥ አልነበረም። ይቺ ልጅ ልትገድል ብትፈልግ አይቡ ሲታሽ ታዋሕደው ነበር፤ ሙቀጫውም ማንኪያውም በእጇ ነው። አሁን ከሥር ያለው፣ ፍሪጅ ውስጥ ሳለ ከላይ የነበረው ነው። ስለዚህ ለውዙ የተነሰነሰው አይቡ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ከመገልበጡ በፊት ነው። የነሰነሰው ሰው ደግሞ እንደሚገለበጥ አያውቅም፤ እሷ በሯን ዘግታ ነው የምትገለብጠው።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አለማወቁ በምን ይታወቃል?»

«በሠራው ሥራ። ያ ሰው ለውዙ አናቱ ላይ ነው ብሎ ያምናል። እንግዲህ ምሳው ላይ አናቱን የሚፈራ ማን ነበር? አናቱን ከአባባ ፊት ያነሳ ማን ነበር?»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሲስተር፣ ጋሽዬ ማር የቀመሱት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?»

«ስኳር በሽታ ከያዛቸው... ሁለት ዓመት። በየሳምንቱ የምለካቸው እኔ ነኝ። በዚያን ዕለት ማታ ስኳራቸው ወጥቶ ተቆጥቻቸዋለሁ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅሁም።»

«የራሳቸው ቀርቦላቸው አልነኩትም። ሻይ እንኳ በስኳር የማይጠጡ ሰው፣ የወንድማቸውን አይብ አናት ገሽልጠው በአንድ ትንፋሽ ዋጡት። ለጨዋታ ቢሆን ቀምሰው ይተዉት ነበር። መድኃኒታቸውስ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ፍሪጅ ውስጥ፤» አለች ምራትየዋ፣ ድምጿ ለራሷም ሳይሰማት። «ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይወስዳሉ። በዚያን ቀንም እኔ ልጁን ሳጥብ መጥተው ነበር።»

ሁሉም ወደ ጋሽዬ ዞሩ። ጋሽዬ ግን የሚያዩት የተሰነጠቀውን አይብ ነው።

«ትገለብጪዋለሽ እንዴ?» አሏት። ክስ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«አዎ፣ ጋሽዬ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ጋሽዬ የአይቡን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ሊሞት አልነበረም እኮ። መርፌው አለ፤ ሲስተር አጠገቡ አለች። ትንሽ ቢያመው ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ፊርማው ይቀራል፣ ቢያንስ ለዚያ ቀን ይቀራል ብዬ ነው። ከዚያ ቢላዋውን ሲያነሳ አየሁት። ልጅ ሳለን አንድ ጊዜ ለውዝ በልቶ ጉሮሮው ሲዘጋ ተሸክሜው የሮጥኩት እኔ ነኝ። አልቻልኩም። ልናገር አፈርኩ። አናቱን አነሳሁትና በላሁለት። አዳንኩት ብዬ ነበር። የቀረውን ይዞ ሲወርድ፣ ዳቦ አልያዝክም ብዬ ዳቦ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

 መርማሪዋ ጠየቀች፤ «እሷን ሊወስዷት ሲመጡ ለምን አልተናገሩም?»

«ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንደዚያው።» ወደ ምራትየዋ ዞሩ። «ልጄ፣ መኪናው ሳይነሳ እናገር ነበር። እመኚኝ።»

ልታምናቸው ፈለገች። ግን አላወቀችም፤ እሳቸውም የሚያውቁት አልመሰላትም።

ሳጅኑ ጋሽዬን በክንዳቸው ይዞ ደረጃውን ሲያስወርዳቸው፣ በወርክሾፑ በር በኩል ሲያልፉ አቀርቅረው አለፉ። መርማሪዋ በር ላይ ዘግየት ብላ፣ «የያዝሽውን ልብስ መልሺ፤» አለቻት። ምራትየዋ አንድም ልብስ እንዳልያዘች የዚያን ጊዜ አየች።

ባሏ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። «እኔ እኮ...» አለ።

«ልጁን ስጠኝ።»

ሰጣት። ልጇን ይዛ ወጣችና ፀሐይ ባረፈበት ደረጃ ላይ ተቀምጣ ማጥባት ጀመረች። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዋ የባሏ እግር ሲቆም ሰማች። ደረጃው ለሁለት ሰው ይበቃል። እሷ ግን መሀሉ ላይ ነበር የተቀመጠችው፤ ፈቀቅም አላለችም።